ቅጂው ይተላለፋል፤ ምክንያቱስ?

(በማኅበራችን የመገናኘት በዓል ላይ፣ ከሰዓት በኋላ በነበረው የሙያ ልምድ ልውውጥ ክፍለ ጊዜ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ “ከሥራህ ለሁላችንም የሚሆን አንድ ነገር አካፍለን፤ ብቻ ሰው እንዳታስተኛ” ብለውኛል። ይህን አደራ ሰጥተው ያስቀመጡኝ ደግሞ ከምሳ በኋላ ባለው ሰዓት ላይ ነው፤ ፍርዱን ለእናንተ ትቼዋለሁ። (ሳቅ)

የማወራችሁ ስለ ዋጋ ቻርት ነው። ከዚያም ውስጥ ስለ አንዲት ጠባብ ጉዳይ። አንድ ሰው ለራሱ እንዲመች አድርጎ ያስተካከለውን የቻርት መሥመሪያ መሣሪያ ስለ መቅዳት፣ ስለ ማባዛትና ለሌላ ሰው ስለ ማስተላለፍ። ስትሰሟት የቴክኒክ ጉዳይ ትመስላለች። ነገር ግን ውስጧ ገንዘብ አለ፤ ከገንዘቡም በላይ ለታናናሾቻችን ምን እያወረስን ነው የሚል ጥያቄ አለ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት የኔ ሥራ ማሠልጠን ነው። ቡና ላኪዎች፣ የባንክ የውጭ ምንዛሪ ሠራተኞች፣ አሁን አሁን ደግሞ አክሲዮን የያዙ ግለሰቦች ቻርት እንዲያነብቡ አግዛለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህን ስል “ቻርት ምን ያደርግልናል?” የሚለኝ ነበር የሚበዛው። ዛሬ ግን ነገሩ ተለውጧል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 በኒውዮርክ የአረቢካ ቡና ዋጋ ከ1977 ጀምሮ ቆሞ የነበረውን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በፌብሩዋሪ 2025 ደግሞ በፓውንድ ከ400 የአሜሪካ ሳንቲም በላይ ሄደ። በመሀሉ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራውን በይፋ ጀመረ፤ ወጋገን ባንክም በገበያው የተመዘገበ የመጀመሪያው ባንክ ሆነ። ሦስቱም የሆኑት በሰባት ወር ውስጥ ነው። ስለዚህ ቻርት ከፍቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ከፈተ።

ሰው ቻርት ሲከፍት መጀመሪያ የሚያደርገው ምን መሰላችሁ? ከሚያውቀው ሰው ቻርት ይለምናል። “ያንተን ላክልኝ” ይላል። ቀለሙ፣ መስመሩ፣ ደረጃው ሁሉ የተዘጋጀ ቴምፕሌት በቴሌግራም ይመጣለታል። ወዳጅ በነፃ ይልካል፣ ሌላው ይሸጣል። እኔ ዛሬ “አትቀባበሉ” ልላችሁ አልመጣሁም። እኛም ትምህርታችንን የጨረስነው እየተቀባበልን ነው። የምለው፣ ስንቀዳ ምን እንደምንቀዳና ምን እንደሚቀር እንወቅ ነው።

አንድ ሰው “ቻርቱን ኮፒ አደረግሁት” ሲል ከሦስት ነገሮች አንዱን ማለቱ ነው። ሦስቱ አይመሳሰሉም። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛው፣ ሥዕሉን ራሱን መቅዳት ነው። ቻርቱ ላይ አንድ መስመር አስምረሃል፤ ሌላ ቦታ እንዲደገምልህ ትፈልጋለህ። በትሬዲንግቪው የኮንትሮል ቁልፍን ተጭነህ መስመሩን ብትጎትተው መንታው ይወጣል። በሜታትሬደርም መስመሩን መርጠህ ኮንትሮልን እንደ ተጫንህ ስትጎትተው እንደዚያው ነው። ቀላል ነው፤ አንድ ሰከንድ አይፈጅም።

ግን መስመር ማለት ለኮምፒውተሩ ምንድን ነው? ሁለት ነጥብ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ደግሞ አንድ ቀንና አንድ ዋጋ ነው። ሥዕሉን ስትቀዳ የምትወስደው እነዚህን ቁጥሮች ነው። ቁጥሮቹ ደግሞ የመጡበትን ቦታ አያስታውሱም።

ይህን ለቡና ሰዎች ማስረዳት ቀላል ነው። የኒውዮርኩ ቡና የሚሸጠው በወር በተከፈለ ውል ነው፦ የማርች፣ የሜይ፣ የጁላይ፣ የሴፕቴምበርና የዲሴምበር። ውሎቹ አንድ ዓይነት ቡና ይሁኑ እንጂ ዋጋቸው አንድ አይደለም። እንበል የጁላዩ ውል 300 ሳንቲም ላይ ሳለ የሴፕቴምበሩ 294 ነው። አንድ ባልደረባችን በጁላዩ ቻርት 290 ላይ “እዚህ ከደረሰ ዋጋዬን እቆርጣለሁ” ብሎ መስመር አስምሯል። የጁላይ ውል ሊያበቃ ሲል መስመሩን ቀድቶ ሴፕቴምበር ላይ ይለጥፈዋል። መስመሩ አሁንም 290 ላይ ነው። በፊት ግን ከገበያው 10 ሳንቲም ይርቅ ነበር፤ አሁን የሚርቀው 4 ሳንቲም ብቻ ነው። መስመሩ ሳይንቀሳቀስ ትርጉሙ ተንቀሳቀሰ ማለት ነው።

ሌላም አለ። ወሮቹን እያያያዘ አንድ ረጅም ቻርት የሚያደርገውን ተከታታይ ቻርት የምትጠቀሙ አላችሁ። አንዳንዱ የዋጋ መረጃ አቅራቢ በወሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ለመድፈን የድሮውን ዋጋ ሁሉ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይገፋዋል። ዋጋው ሲገፋ እናንተ ያሰመራችሁት መስመር አብሮ አይገፋም፤ የቆመበት ይቀራል። ባለፈው ወር የዋጋውን ጫፍ ነክቶ የነበረው መስመር ዛሬ በአየር ላይ ተንሳፎ ታገኙታላችሁ። ሶፍትዌሩ አልተበላሸም። የተሰጠውን ቁጥር ነው የጠበቀው። በአክሲዮንም ቢሆን ያው ነው፤ የድሮው ዋጋ ለትርፍ ክፍፍል ወይም ለአክሲዮን መከፋፈል ተብሎ በሚስተካከልበት ቻርት ላይ የተሰመረና በማይስተካከልበት ላይ የተለጠፈ መስመር አይገናኙም።

ሁለተኛው፣ ሴቲንጉን መቅዳት ነው። ቴምፕሌት የምንለው ይህንን ነው። እዚህ ላይ የሚቀዳው መስመሩ ያረፈበት ቦታ ሳይሆን የመሣሪያው ጠባይ ነው፦ ቀለሙ፣ ውፍረቱ፣ የትኞቹን ደረጃዎች እንደሚያሳይ፣ በየትኛው የጊዜ መጠን ላይ እንደሚታይ።

በብዛት የሚቀዳው የፊቦናቺ መሣሪያ ስለሆነ በእሱ እንሂድ። ዋጋ ከታች ተነስቶ ወደ ላይ ከሄደ በኋላ ሲመለስ የት የት ሊያርፍ ይችላል የሚለውን በመቶኛ የሚከፍል መሣሪያ ነው። የተለመዱት ደረጃዎች 23.6፣ 38.2፣ 50፣ 61.8 እና 78.6 በመቶ ናቸው። የሒሳብ ሰዎቻችን እንደሚያውቁት 50 ከፊቦናቺ ቁጥሮች አልመጣም፤ ነጋዴ “ግማሽ” ማለት ስለሚወድ ነው የገባው። አንዱ 23.6ን ያጠፋል፣ ሌላው 78.6ን ቀይ ያደርጋል፣ ሌላው ደግሞ ከ100 በላይ ያሉትን ይጨምራል። ሁሉም የራሱ ምክንያት አለው። ቴምፕሌቱ ግን የመረጠውን እንጂ ለምን እንደመረጠ አይነግርም።

አሁን ገንዘቡ ያለበት ቦታ ላይ ደርሰናል። በአንዳንድ ሶፍትዌር በዚህ መሣሪያ ሴቲንግ ውስጥ “ደረጃዎቹን በሎጋሪዝም ስኬል አስላ” የምትል፣ ራይት የምትደረግባት ትንሽ ሳጥን አለች። እሷ የመሣሪያው ሴቲንግ ናት፤ ከቴምፕሌቱ ጋር ትጓዛለች። ቻርቱ ራሱ የተከፈተበት ስኬል ግን የቻርቱ እንጂ የመሣሪያው ንብረት አይደለም። እሱ ላኪው ኮምፒውተር ላይ ይቀራል።

ይህ ምን ያህል ለውጥ ያመጣል? ለሒሳብ እንዲመቸን አንድ ቡና ከ100 ሳንቲም ተነስቶ 400 ደረሰ እንበል። በተራው ስኬል ሲሰላ ልዩነቱ 300 ነው፤ የ300 61.8 በመቶ 185 ግድም ስለሆነ ከ400 ሲቀነስ ደረጃው 215 ሳንቲም አካባቢ ላይ ያርፋል። በሎጋሪዝም ሲሰላ ደግሞ የሚከፈለው ሳንቲሙ ሳይሆን እጥፉ ነው፤ ያው ደረጃ 170 አካባቢ ላይ ይወርዳል። ግማሹም እንዲሁ፣ በአንዱ 250 ነው፣ በሌላው 200። ሁለቱም ስሌት ትክክል ነው። ጥያቄያቸው ነው የሚለያየው። አንዱ “ስንት ሳንቲም ተመለሰ?” ይላል፤ ሌላው “በስንት እጥፍ ተመለሰ?” ይላል።

አንድ የኒውዮርክ ውል 37,500 ፓውንድ ነው፤ 17 ቶን ገደማ ማለት ነው። በሁለቱ ደረጃዎች መካከል ያለው 45 ሳንቲም የማይሞላ ልዩነት በአንድ ውል 16 ሺህ 800 ዶላር ገደማ ይሆናል። አንዱ “61.8 ላይ ዋጋዬን እቆርጣለሁ” ሲል፣ ሌላውም በስልክ “እኔም 61.8 ላይ” ሲል፣ ሁለቱም ተስማምተናል ብለው ስልኩን ይዘጋሉ። ቀለሙ አንድ ነው፣ ቁጥሩ አንድ ነው፣ ቴምፕሌቱ አንድ ነው። የሚያወሩት ግን ስለ ሁለት የተለያዩ ዋጋዎች ነው።

ትሬንድ ላይንም ከዚህ አያመልጥም። በሁለቱም ስኬል ዓይን ላይ ቀጥ ብሎ ይታያል። ከ100 ወደ 400 የሚሄድ መስመር አጋማሹ ላይ በተራው ስኬል 250ን ሲያመለክት በሎጋሪዝም 200ን ያመለክታል። ሁለቱ ጫፎች አልተነኩም፤ መሀሉ ግን ሌላ ነው።

በሜታትሬደር ደግሞ ቴምፕሌት ሲባል ሰፋ ይላል። ኢንዲኬተሩንም፣ ቀለሙንም፣ ቻርቱ ላይ የተሰመሩትን መስመሮችም ጨምሮ በአንድ ፋይል ያስቀምጣል። ስለዚህ ቡና ቻርት ላይ 300 ላይ አግድም መስመር ያሰመረ ሰው ያንን ቴምፕሌት የዩሮና የዶላር ቻርት ላይ ቢያደርገው መስመሩ አብሮ ይሄዳል። ዩሮ 1 ነጥብ ምናምን ዶላር ላይ ነው ያለው፤ መስመሩ 300 ላይ። ዩሮ 300 ዶላር እስኪገባ መስመሩን ማየት አይቻልም! (ሳቅ) ይኼኛው ስለሚያስቅ አይጎዳም፤ ሰው ቶሎ ይነቃበታል። የሚጎዳው ለእውነት የቀረበው ነው። ከጁላይ ውል ወደ ሴፕቴምበር ውል የሄደው መስመር የሚያሳስበኝ ለዚህ ነው፤ ልክ ይመስላላ!

ስለ መታየት ካነሳን አይቀር፣ አንዱ መሣሪያውን በዕለታዊ ቻርት ላይ ብቻ እንዲታይ አድርጎ ያስቀምጠዋል። የተቀበለው ሰው በየሰዓቱ የሚሄደውን ቻርት ይከፍትና መስመሩን ያጣዋል። “አልመጣም” ብሎ እንደገና ያሰምራል። ዕለታዊውን ሲከፍት ሁለት መስመር ያገኛል፤ የትኛው የማን እንደሆነ አያውቅም።

ሦስተኛው፣ መሣሪያውን ራሱን ማባዛት ነው። ይህ ለኮምፒውተር ሰዎቻችን የሚጥማቸው ክፍል ነው፤ ሌሎቻችሁ ሁለት ደቂቃ ታገሡኝ። አንድ መሣሪያ በአብዛኛው አንድ መነሻ ሴቲንግ ነው የሚኖረው። አንድ ሰው ግን ሁለት ዓይነት ፊቦናቺ ሊፈልግ ይችላል፤ አንዱን ለረጅም ጊዜ፣ ሌላውን ለዕለት ሥራ። ቴምፕሌት ሁልጊዜ እየፈለጉ ከመጫን፣ ሁለቱም ከመሣሪያዎቹ ዝርዝር ላይ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ይመኛል።

ኒንጃትሬደር ላይ ይህ ይቻላል፤ ምክንያቱም መሣሪያዎቹ የተጻፉበት ኮድ ለተጠቃሚው ክፍት ነው። ኮዱን በአዲስ ስም አስቀምጠህ፣ ዝርዝሩ ላይ የሚታየውን ስም ለውጠህ፣ የምትፈልገውን ደረጃ መነሻ አድርገህ ታጠናቅራለህ፤ ኮምፓይል ታደርጋለህ ማለቴ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ራሳቸውን የቻሉ መሣሪያዎች አሉህ።

እዚህ ሦስት ነገር ልብ በሉ። የመጀመሪያው፣ ዋናውን አትንኩ። ከሶፍትዌሩ ጋር የመጣው ፋይል አዲስ እትም ሲጫን ይተካል፤ እሱ ላይ የደከማችሁበት ነገር አብሮ ይጠፋል። አባዝታችሁ ቅጂው ላይ ሥሩ። ሁለተኛው፣ አንዳንዱ ፋይል የአንድ መሣሪያ ቤት አይደለም። የፊቦናቺ ቤተሰብ በአንድ ፋይል ውስጥ አብሮ ተጽፎ ይገኛል። ፋይሉን እንዳለ ብታባዙት በአንድ ግቢ ውስጥ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሁለት ሰዎች እንደ መጥራት ነው፤ ኮምፒውተሩ “ይህ ስም አስቀድሞ ተይዟል” ብሎ ይመልሳችኋል። የምትፈልጉትን አንዱን ብቻ ለይታችሁ አውጡ። ሦስተኛው፣ ሁሉም የተጠቃሚ ኮድ የሚጠናቀረው አንድ ላይ ነው። አንድ ፋይል ላይ ስህተት ካለ፣ ከስህተቱ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለውም ሥራ አብሮ ይቆማል። ከሰው የተቀበላችሁት ቅጂ የእናንተን ሥራ ሊያስቆም ይችላል ማለት ነው።

እንግዲህ ሦስቱ እነዚህ ናቸው። ሥዕሉ ሲቀዳ ቁጥሩ ይሄዳል፤ ቴምፕሌቱ ሲቀዳ ጠባዩ ይሄዳል፤ መሣሪያው ሲባዛ አሠራሩ ይሄዳል። በሦስቱም የማይሄድ አንድ ነገር አለ፤ ምክንያቱ። “ይህን ደረጃ ለምን መረጥክ? ለየትኛው ገበያ ነው? መቼ ነው የማይሠራው?” የሚለውን የሚይዝ ፋይል የለም።

ይህ ለኛ አዲስ አይደለም። ከሲኒየሮቻችን የወረስነውን ወርክሺት አስታውሱ። ኮፒው በኮፒ ላይ እየተነሳ ጠርዙ የጠቆረ፣ “ቢ” ላይ በእስክሪብቶ የተከበበበት ወረቀት። ፍሬሽ ሆነን እንደ ታቦት ነበር የምንይዘው። መምህሩ ጥያቄውን ቁጥሩን ብቻ ለውጠው ሲያመጡት ግን ማን ሠራው? “ቢ”ን የቸከለው አይደለም፤ “ቢ” እንዴት እንደመጣ የገባው ነው። ዶርም ውስጥ ቁጭ ብሎ “ይኼን ያደረግነው እኮ ለዚህ ነው” ብሎ ያስረዳን ሲኒየር ውለታው እስከ ዛሬ አለብን። ወረቀቱን ብቻ የሰጠን ደግሞ፣ እግዜር ይስጠው፣ ደግ ሰው ነበር። ሁለቱ ግን እኩል አላስተማሩንም።

አሁን ይህን ወደ አገራችን ገበያ ልመልሰው። የዶላርና የብርን ቻርት ውሰዱ። ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከመባሉ በፊት በነበሩት ቀናት የባንክ ዋጋ 57 ብር ገደማ ነበር። በዕለቱ ወደ 75 ተጠጋ፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ከዚያ በፊት በነበረው ቻርት ላይ በጣም የሚያምር፣ ቀጥ ያለ ትሬንድ ላይን ማስመር ይቻል ነበር። ለምን አማረ? ዋጋው ቀስ እያለ እንዲሄድ የሚደረግ ስለነበረ ነው። ያ መስመር የሚያሳየው የገበያን ሐሳብ ሳይሆን የፖሊሲን አካሄድ ነበር። ያንን መሣሪያ ከነሴቲንጉ ቀድቶ ከሐምሌ 22 ወዲህ ባለው ቻርት ላይ ማድረግ በሶፍትዌሩ በኩል ምንም አያስቸግርም። መስመሩ ይሰመራል፣ ቀለሙም ያምራል። ቅጂው ሳይለወጥ ከሥሩ ያለው መሬት ግን ተለውጧል።

የአክሲዮን ገበያውንም እንይ። በስልካችን የሚመጡልን ቴምፕሌቶች አብዛኞቹ የተሠሩት በሰከንድ ውስጥ ብዙ ግዢና ሽያጭ ለሚካሄድባቸው ገበያዎች ነው፤ ለዩሮና ዶላር፣ ለወርቅ፣ ለአሜሪካ አክሲዮኖች። እዚያ የቀኑ ዝቅተኛ ዋጋ ሲባል እጅግ ብዙ ሰው ተከራክሮ የደረሰበት ዋጋ ነው። አዲስ ገበያ ላይ፣ በቀን ጥቂት ግብይት በሚደረግበት አክሲዮን፣ የቀኑ ዝቅተኛ ዋጋ የአንድ ሰው ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ልጁን ሊድር ነው፣ ወይም ለቤት ቀብድ ገንዘብ ቸኩሎበታል፣ ስለዚህ ቀነስ አድርጎ ሸጠ። ያችን ነጥብ ይዘን ፊቦናቺ ብንዘረጋ፣ የምንለካው የገበያውን ስሜት ሳይሆን የሰውየውን ሠርግ ነው። (ሳቅና ጭብጨባ) ሳቁ ይሁን፣ ግን አስቡት። አንድ ተመራቂ ከመጀመሪያ ደመወዙ ቆጥቦ የገዛውን አክሲዮን፣ ሰው በላከለት ባለቀለም መስመር ምክንያት ይሸጠዋል። “ለምን ሸጥክ?” ስትሉት መልስ የለውም፤ ምክንያቱም መልሱ ከቴምፕሌቱ ጋር አልመጣለትም።

“የሰው ወርቅ አያደምቅ” ይባል የለ? እኔ ግን ተረቱን ትንሽ ላለዝበው። የሰው ወርቅ ስንት ካራት እንደሆነ፣ ከየት እንደተገዛና ለየትኛው ልብስ እንደሚሄድ ከተነገራችሁ ያደምቃል። መቀባበል ጥቅም አለው። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አምስት ሰው አንድ ዓይነት መሣሪያ ሲጠቀም መነጋገር ይቀላል፤ አንዱ ፈቃድ ሲወጣ ሌላው ሥራውን ይይዛል፤ አዲስ ሠራተኛ ቶሎ ይለምዳል። ችግሩ ቅጂው ብቻውን ሲጓዝ ነው።

ስለዚህ ለሠልጣኞቼ የምነግራቸውን አራት ልማድ ለእናንተም ልንገራችሁና ላብቃ።

አንደኛ፣ ለቅጂው ስም ስጡት። “ፊቦ ሁለት” ስም አይደለም። “ቡና፣ ዕለታዊ፣ ሎጋሪዝም” ስም ነው። ስሙን ያየ ሰው የትኛው ገበያ፣ የትኛው የጊዜ መጠን፣ የትኛው ስኬል እንደሆነ ሳይጠይቅ ይወቅ። ከላይ ያነሳናቸው ሁለቱ ወዳጆች በ61.8 “የተስማሙት” ስሙ ላይ ይህ ባለመኖሩ ነው።

ሁለተኛ፣ ከፋይሉ ጋር አንዲት ገጽ ጻፍ ጻፍ አድርጉ። ሦስት ጥያቄ ትመልስ፦ የትኛውን ደረጃ ጨመርኩ ወይም አጠፋሁ፣ ለምን፣ መቼ ነው መጠቀም የሌለብኝ? ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። መልሱን መጻፍ ካቃታችሁ መሣሪያው ለእናንተም ገና አልገባችሁም ማለት ነው፤ ለሰው ከመላካችሁ በፊት ይህን ማወቅ ደግሞ ትርፍ ነው።

ሦስተኛ፣ የተቀበላችሁትን በእጃችሁ ፈትኑት። ቅጂውን ከመጫናችሁ በፊት ሶፍትዌሩ ይዞት በመጣው ንጹሕ መሣሪያ ያንኑ አስምሩ። ከዚያ ቅጂውን በላዩ አድርጉና አወዳድሩ። ከተለያዩ ለምን እንደተለያዩ እስክታውቁ ገንዘብ አታንቀሳቅሱ። ስኬሉን እዩ፣ የውሉን ወር እዩ፣ ዋጋው የተስተካከለ መሆን አለመሆኑን እዩ። አሥር ደቂቃ ይፈጃል።

አራተኛ፣ ዋናውን ሳትነኩ ቅጂው ላይ ሥሩ፤ ቅጂውንም ከኮምፒውተራችሁ ውጭ በሌላ ቦታ አስቀምጡ። ይህ ለሶፍትዌር ብቻ የሚሆን ምክር አይመስለኝም፣ ግን አሁን ፍልስፍና ውስጥ አልገባም።

የመጨረሻው ነገር ጥያቄ ነው። እዚህ ካላችሁት ውስጥ አዲስ ተመራቂዎችን የምታማክሩ፣ በየመሥሪያ ቤታችሁ ጀማሪዎችን የምትቀበሉ ብዙዎች ናችሁ። ልጆቹ “ጋሼ፣ ያንተን ቻርት ላክልኝ”፣ “እትዬ፣ ያንቺን ቴምፕሌት ስጪኝ” ይሏችኋል። ስጧቸው። አትንፈጓቸው። ግን በዚያው ሰዓት ግማሽ ሰዓት ቁጭ አድርጋችሁ ባዶ ቻርት ላይ አንድ መስመር አብራችሁ አስምሩ። “እዚህ የጀመርኩት ለዚህ ነው፣ ይህን ደረጃ ያጠፋሁት ለዚህ ነው” በሏቸው። “ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ” ነውና፣ ከዚያ በኋላ ቴምፕሌቱ ቢጠፋባቸው እንኳ ራሳቸው ይሠሩታል። ምናልባትም ከእኛ የተሻለ አድርገው ይሠሩትና መልሰው ይልኩልናል። ያኔ እኛም በተራችን “ለምን እንዲህ አደረግኸው?” ብለን እንጠይቃቸዋለን።